የዳሱ ብረቶች የሚተኙበት ምንጣፍ

ሜዳችን ከአምስት ካራቫን በላይ አይይዝም። ሕጉም አይፈቅድም፣ የእኔም ትዕግሥት ከዚያ አያልፍም። ባሌ ጄፍ በጎቹን ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ ካራቫን የሚባለውን ባለጎማ የዕረፍት ቤታቸውን በመኪና እየጎተቱ የሚመጡትን እንግዶች። የማን ሥራ እንደሚከብድ ለመናገር ብዙ ማሰብ አያስፈልገኝም። በጎች ቢያንስ ወደ ኋላ ሲገቡ ከሚስቶቻቸው ጋር አይጨቃጨቁም።

የወጥ ቤቴ መስኮት ሜዳውን ፊት ለፊት ያያል፤ ከሜዳው ማዶ ባሕሩ ነው። እዚያ መስኮት ላይ ቆሜ ያላየሁት የባልና ሚስት ጠብ የለም። ሰው የሚታወቀው ካራቫኑን አቁሞ፣ ከጎኑ የሚተክለውን የሸራ ዳስ ብረቶች ሲያወጣ ነው። በመንገድ ላይ ትሑት የነበረው ሰውዬ ብረት ሲጨብጥ ጄኔራል ይሆናል። "እሱን አላልኩሽም፣ ያኛውን" ይላል። "ያኛውን እኮ ነው የያዝኩት" ትላለች። ብረቶቹ ሁሉም ግራጫ ናቸው፤ ርዝመታቸው የሚለያየው በጥቂት ጣት ነው። አምና እንዴት እንደተሰካኩ የሚያስታውስ የለም፤ ዘንድሮ የሚማረውን ደግሞ እስከ መጪው ዓመት ይረሳዋል።

ኖርማ ሃርግሪቭስና ባሏ ክሊፎርድ ግን እንደዚያ አልነበሩም። በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከሃሊፋክስ ይመጡና በድንጋዩ አጥር ሥር ያለውን ጥግ ይይዛሉ። ክሊፎርድ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ኖርማ አጭር ናት፤ ዝም ማለት ግን አይሆንላትም። ዳሱን ሲተክሉ ብቻ እሷም ዝም ትላለች። እሱ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ እሷ ብረቱን ታቀብለዋለች፣ እሱ ዞሮ ሳያያት ይሰካዋል። ስፌት እንደሚሠሩ ሰዎች ነበር ሥራቸው። እኔ ከጄፍ ጋር አንድ አጥር ሳንሰዳደብ ጠግነን ስለማናውቅ በጣም እቀናባቸው ነበር።

ክሊፎርድ በመጸው ሞተ። ጋራዡ ውስጥ ጎማ ሲነፋ ልቡ ቀጥ አለ። ቀብሩ ላይ ተገኝቼ ስመለስ፣ ያንን ጥግ ከእንግዲህ ለሌላ ሰው እንደምሰጠው እርግጠኛ ነበርኩ። በጸደይ ግን ስልክ ተደወለ።

"ጥጋችንን ያዢልኝ" አለች ኖርማ።

ከማን ጋር እንደምትመጣ ጠየቅኳት።

"ከራሴ ጋር። ጭቅጭቅ አይኖርም።"

ነገሩን ቆይታ ነው የነገረችኝ። ልጇ ጃኒን ካራቫኑ ይሸጥ ብላ ነበር፤ ገዢም አግኝታለታለች። ጃኒን ክፉ ልጅ አይደለችም። አባቷን ያለ አንድ ቃል ስንብት አጥታ፣ እናቷንም እንደዚያው የሆነ መንገድ ዳር እንዳታጣ የምትፈራ ልጅ ናት፤ ፍርሃቷን ግን በፍርሃት መልክ አታወጣውም፣ በትእዛዝ ነው የምታወጣው። እናትና ልጅ ክረምቱን ሙሉ ሲናቆሩ ከርመው በመጨረሻ አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። ኖርማ ካራቫኑን ብቻዋን ጎትታ ባሕሩ ድረስ ትሄዳለች። ዳሱን ብቻዋን ትተክላለች፣ ብቻዋን ትነቅላለች፣ ብቻዋን ይዛው ትመለሳለች። ይህን ካደረገች የሽያጭ ወሬ ዳግመኛ አይነሳም። በመካከል ሌላ ሰው አንድ ብረት እንኳ ከያዘላት ግን ካራቫኑ ለገዢው ይሰጣል። ገዢው እሷ በምትመለስበት ማግስት ሊያየው ተቀጥሯል።

ጃኒን ይህን ቃል የገባችው እናቷ አትችልም ብላ ነው። ኖርማም ይህን አውቃለች፤ ያንገበገባትም እሱ ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ገበያው ሳይከፈት፣ ሰፈሯ ያለው ትልቁ ሱቅ መኪና ማቆሚያ ላይ ካራቫኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስታመላልስ ከረመች። የሸማቾቹን ጋሪ መደርደሪያ አንድ ጊዜ ገጭታዋለች። እሱንም ራሷ ነች የነገረችኝ።

ከመነሳቷ በፊት በነበረው ሳምንት ግን የጃኒን ባል ዳረን ካራቫኑን አጸዳው። ዳረን እጁ ሥራ የሚወድ፣ ሳይጠየቅ የሚያጸዳ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ዕቃችሁን ደብቁ። ገዢው ሲመጣ ቤቱ ሰፊ መስሎ እንዲታየው ብሎ፣ ወለሉ መሐል ተጋድመው የነበሩትን የዳሱን ብረቶች፣ የካስማውን ከረጢት፣ የጎማ መዶሻውን፣ ገመዱን ሁሉ ሰብስቦ ከኋላው አልጋ ሥር ከተተ። ሸራውንም እዚያው ጫነበት። ኖርማ መጋረጃው መታጠቡን አይታ አመስግናው፣ ካራቫኑን ከመኪናዋ ጋንቾ ጋር አያይዛ ተነሳች። አልጋው ሥር አላየችም። ብረቶቹ ሁልጊዜ የሚተኙበት ቦታ ስለማይቀየር፣ ይቀየራል ብላ አላሰበችም።

ከዮርክ አልፋ ቁልቁለቱን ስትጀምር አንድ ከባድ መኪና በጎኗ አለፋት። ካራቫኑ በቀኝ ወጣ። ቀጥሎ በግራ ወጣ። በስፖኪዮው ስታየው፣ አለች ኖርማ፣ የካራቫኑ ጎን ሙሉ በሙሉ ታያት፤ ሊታያት የማይገባ ነገር ነው። መሪው ከእጇ ሊወጣ ታገለ። እግሯ ወደ ፍሬኑ ሲሄድ የክሊፎርድ ድምፅ መጣባት፤ ክሊፎርድ በመንገድ ላይ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱንም በየዓመቱ ይደግመው ነበር። ሲወዛወዝ ፍሬን አትንኪ፣ እግርሽን ከነዳጁ አንሺ፣ መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ። ፍሬኑን ሳትነካ እግሯን ከነዳጁ አነሳች። ከኋላዋ ያሉት ጡሩምባቸውን እያንባረቁ፣ ካራቫኑ እየተንገዋለለ እየተንገዋለለ ቀስ አለና መስመሩን ያዘላት።

መንገድ ዳር ባለው መቆሚያ ገብታ አለቀሰች። ቀጥላ ተናደደች፤ ንዴቱ ነው ያዳናት። ካራቫን ጅራቱን የሚወነጭፈው አብዛኛውን ጊዜ ጅራቱ ሲከብድ መሆኑን ታውቃለች። የኋላውን አልጋ ከፈተች፤ ብረቶቹ ሁሉ እዚያ ተቆልለዋል። አንድ በአንድ ጎትታ አወጣቻቸውና ከሁለቱ ጎማዎች ልክ በላይ፣ ሁልጊዜ በሚተኙበት፣ ወለሉ ላይ አጋደመቻቸው። እዚያ ቦታ ላይ የቆየች አንዲት ቁራጭ ምንጣፍ አለች፤ ዳረን ወለል ይሸፍናል ብሎ ትቷት ነበር። ኖርማ በንዴትዋ ብረቶቹን ምንጣፏ ላይ እንደ ማገዶ ወረወረቻቸው። ከዚያ በኋላ ካራቫኑ እንደ ታዘዘ ፈረስ ተከተላት።

እኛ ጋ ስትደርስ ፊቷ ቡን ብሏል። ቢሆንም በአንድ ሙከራ ወደ ኋላ ገብታ ጥጉን ያዘች፤ ሜዳው ላይ ከቆሙት ወንዶች ሁሉ በላይ አሳምራ። የሆነችውን ሁሉ አጥሩን ተደግፋ ነገረችኝና ጃኒን ጋ እንዳልደውል አስማለችኝ።

"እሷና ዳረን እሑድ ይመጣሉ። እኔው ራሴ እነግራታለሁ" አለች። አላመንኳትም።

ብረቶቹን ሳር ላይ ስትዘረጋ ሁለተኛው የዳረን ጽዳት ወጣ። ክሊፎርድ በየብረቱ ጫፍ ላይ ባለቀለም ናስትሮ ጠምጥሞ ነበር፤ ቀዩ ለግራው ጥግ፣ ሰማያዊው ለቀኙ፣ ቢጫው ለመሐሉ፣ ሌላውም እንዲሁ። ናስትሮው አርጅቶና ቆሽሾ ስለነበር ዳረን ሁሉንም ልጦ፣ ብረቱን በቤንዚን ወልውሎ አብርቶታል። ኖርማ አንዱን ብረት አንስታ ጫፉን አየች፤ ሌላውን አነሳች፣ ጫፉን አየች። ከመስኮቴ ሆኜ ሳያት ዳረንን በስሙ እየጠራች የምትናገረው ነገር እስከ ወጥ ቤቴ ይሰማ ነበር። እዚህ አልጽፈውም፤ ጄፍ ግን ወደደው።

አሁን ስለ ጎረቤት አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በካራቫን ሜዳ ላይ አንድ ሰው የዳስ ብረት ሲያወጣ ጎረቤቱ ሻዩን አስቀምጦ ይመጣል። ማንም አይጠራውም። አንዱ ብረት ይይዛል፣ ሌላው ካስማ ይመታል፣ ሦስተኛው ምክር ይሰጣል። እርዳታውን አልፈልግም ማለት ሰላምታ እንደ መንሳት ነው፤ ሰው በዚህ ይቀየማል። ያን ሳምንት ደግሞ ከኖርማ ቀጥሎ የቆመው ኬነዝ ነበር። ኬነዝ ጡረታ የወጣ የባቡር ተቆጣጣሪ ነው፤ ሱሪው ኪስ ውስጥ ውሃ ልክ ይዞ ይዞራል። የራሱን ካራቫን አስተካክሎ ሲጨርስ የሰው ይለካል። ኖርማ ብረት መዘርጋቷን ሲያይ እጅጌውን እየሰበሰበ መጣ።

"አንተ ተቀመጥ ኬነዝ። ብቻዬን ነው የምሠራው" አለችው።

"ብቻውን የሚሠራ ሰው የለም እኮ።"

"ዛሬ አለ።"

ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወንበሩን ግን ወደሷ አዞረው።

ሸራውን መስቀል የሁለት ሰው ሥራ ነው። የሸራው ጠርዝ ላይ የተሰፋው ገመድ ካራቫኑ ጣሪያ ሥር ባለው ቀጭን ቦይ ውስጥ እየተሳበ ማለፍ አለበት፤ አንዱ ከፊት ይስባል፣ ሌላው ከኋላ እየያዘ ይመግበዋል። ኖርማ ዕድሜዋን ሁሉ የመገበች ናት። አሁን ቦዩን በሻማ ቀባችው። የሸራውን ጫፍ በገመድ አሰረች፣ ከፊት ሄዳ ሳበች፣ በርጩማዋን ተሸክማ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ የተጨማደደውን አቃናች፣ እንደገና ከፊት ሄዳ ሳበች። እንዲህ እየተመላለሰች ሸራውን ሰቀለችው። አንገቷ በላብ ርሷል። ኬነዝ ወንበሩ ላይ እንደ ተራበ ድመት ይቁነጠነጣል።

ብረቶቹ ላይ ሲደርስ ግን አቃታት። አንዱን ከአንዱ ትሰካለች፤ ያጥራል። ትፈታዋለች፣ ሌላ ትሞክራለች፤ ይረዝማል። በመጨረሻ ነገሩ ቆመላት፤ የቆመው ግን ጠማማ ሆኖ ነው፣ አንደኛው ጥግ ወደ ሰማይ፣ ሌላው ወደ ምድር። ኖርማ ከሥሩ ሆና የጣሪያውን ብረት ለማጥበቅ ስትንጠራራ ከባሕሩ በኩል ነፋስ ገባ። ሸራው ተነፋ፣ ብረቶቹ ተፈለቀቁ፣ ሁሉም ነገር በላይዋ ወረደ።

እኔ የአጥሩ በር ጋ ነበርኩ። ኬነዝ ወንበሩን ገልብጦ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሲሮጥ አየሁት፤ እጁ አንዱ ብረት ላይ ካረፈ አለቀ።

"ኬነዝ፣ እጅህን ኪስህ ክተት" አልኩት።

ቀጥ አለ። "ሸራው ሊቀደድ ነው እኮ።"

"ይቀደድ።"

ያበድኩ መሰለው። ከእሱ ይልቅ እኔ ነበርኩ ለመሮጥ የፈለግሁት። ኖርማ ከሸራው ሥር እየተሳበች ወጣች። ጉንጯ ላይ ተጭራለች፣ ጸጉሯ ተበትኗል። ሸራው ላይ የውሃ በርሜሉንና የካስማውን ከረጢት ጫነችበትና ሳሩ ላይ ቁጭ አለች። ኬነዝን ወደ ጎን ወስጄ ስምምነቱን ስነግረው እጁን ኪሱ ውስጥ ይበልጥ ከተተው፤ ቅር መሰኘቱ ግን አልቀረም።

ሻይ አፍልቼ በአጥሩ ላይ አሻገርኩላት።

"ሻይ እርዳታ ነው?" አለችኝ።

"ሻይ ሻይ ነው። ጠጪ።"

ጠጣች። ተስፋ መቁረጥ ሲጀምር ሰውነቷ ላይ አየሁት፤ ትከሻዋ ወረደ። "ይህን ያህል ዘመን ስንተክል እኔ የማውቀው ግማሹን ነው። እሱ ይተክላል፣ እኔ አቀባይ ነኝ። እሱም የሚያየው ናስትሮውን ነው። ጃኒን ልክ ናት ማለት ነው" አለች።

"ሲነቀልስ?" አልኳት።

"ሲነቀልማ እሱ ይነቅላል፣ እኔ አስቀምጣለሁ።" ኩባያዋን አፏ ጋ እንዳደረሰች ቆመች።

ያ ጥያቄ እርዳታ ነው አይደለም የሚለውን እኔና እሷ እስከ ዛሬ አልጨረስነውም።

ኩባያውን አጥሩ ላይ አስቀምጣ ካራቫኗ ገባችና ያቺን ቁራጭ ምንጣፍ ጎትታ አወጣች። ቀይና ቡናማ ናት፣ አበባ አበባ ያላት። ኖርማ ወጣትነቷን በሙሉ ሃሊፋክስ ውስጥ ምንጣፍ ፋብሪካ ነበር የሠራችው፤ ከማሽን የወጣውን ምንጣፍ ገበታ ላይ ዘርግታ ጉድለቱን በጣቷ እየፈለገች በመርፌ ትጠግን ነበር። ያቺም ቁራጭ ከእንግዲህ አትጠገንም ተብላ ለሠራተኛ የተሰጠች ናት። ብረቶቹ ወለሉን እንዳይጭሩት ብላ ካራቫኑ ውስጥ ያነጠፈቻት እሷ ራሷ ናት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ብረቶቹን በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ነው የምታጋድምበት፤ መጀመሪያ የሚፈለገው በበሩ በኩል፣ መጨረሻ የሚፈለገው በውስጥ በኩል፣ ክሊፎርድ እጁን ሲዘረጋ እንዳትፈልግ።

ሳሩ ላይ ዘረጋቻት፣ ተንበረከከች፣ መዳፏን አሳለፈችባት። የምንጣፏ ጸጉር ብረቱ ሲተኛበት የኖረው ቦታ ላይ ተጋድሟል፤ በየመስመሩ ጫፍ ደግሞ የዝገት ቀለበት አለ። እኔ አጥሩ ላይ ሆኜ የማየው አሮጌ ቆሻሻ ምንጣፍ ነበር። እሷ ግን በጣቷ እየሄደች የእያንዳንዱን ብረት አልጋ አገኘች። አንዱን ብረት አንስታ አጋደመችው፤ ረዘመ። ሌላውን አጋደመች፤ ጫፉ ዝገቱ ላይ ልክ ገባ። እንዲህ እያለች ሁሉንም አስተኛቻቸው፣ ወደ ቤት ለመሄድ እንደምታሰናዳቸው። ሲያልቅ ተነስታ ከላይ አየቻቸውና ሳቀች። ክሊፎርድ ከሞተ ጀምሮ ያንን ሳቅ አልሰማሁትም ነበርና እንባዬ መጣ። ወደ ቤት ገባሁ፤ ድስት የጣድኩ ለማስመሰል።

ጥንድ ብረት ባነሳች ቁጥር ቦታውን ያዘ። መጀመሪያ የመሐሉ፣ ቀጥሎ የግራው ጥግ፣ የቀኙ፣ ከዚያ የጣሪያዎቹ። ነፋሱ አልቆመም፤ ስለዚህ አንዱን እግር ባቆመች ቁጥር መጀመሪያ በገመድና በካስማ ታስረዋለች፣ ከዚያ ነው ወደሚቀጥለው የምትሄደው። ክሊፎርድ እንዲህ አያደርግም ነበር፤ እሱ የሚይዝለት ሰው ነበረው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳሱ ቆመ። ግራው ጥግ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ኬነዝ ውሃ ልኩን አወጣ፣ ወደ ዳሱ አየ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። በሕይወቱ ትልቁ መሥዋዕትነት ይመስለኛል።

እሑድ ጃኒንና ዳረን ኬክ ይዘው መጡ። ጃኒን ዳሱን ከሩቅ ስታይ ፈገግ አላለችም። ዙሪያውን ዞረችው። ገመዶቹን ነካ ነካ አደረገች። ኬነዝ ወንበሩ ላይ ጋዜጣ ያነባል፤ እኔ ወተት ላደርስ መጥቼ ነበር።

"ማን ረዳሽ እማዬ?"

ኖርማ መልስ ሳትሰጥ ኬነዝ ጋዜጣውን አጠፈው። "ልንገርሽ የኔ እመቤት" አለ። "እኔ ይህን ሜዳ ስመላለስበት ጸጉሬ ሸብቷል። እናትሽ አንዲት ካስማ እንኳ አላስያዘችኝም። ሰው እንዲህ አድርጎ ሰድቦኝ አያውቅም።"

ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ጃኒን ወደኔ ዞረች፤ ስለዚያች ጥያቄዬ አስቤ ወተቱን አየሁ።

ኖርማ በዚህ ብታበቃ ኖሮ ክርክሩን ታሸንፍ ነበር። እሷ ግን ልጇን ዳሱ ውስጥ አስቀምጣ የመንገዱን ነገር ነገረቻት። ካራቫኑ እንዴት እንደተወዛወዘ፣ ስፖኪዮው ውስጥ ያየችውን፣ ማልቀሷን ሳይቀር። ዳረን ብረቶቹ አልጋው ሥር ነበሩ የሚለው ላይ ሲደርስ የያዘውን ኬክ ሳህኑ ላይ መለሰው።

"እኔ ነኝ እዚያ ያደረግኋቸው" አለ። "ሰፊ እንዲመስል ብዬ ነው። ልገድልዎት ነበር።"

"መጋረጃው ጥሩ ታጥቧል" አለችው ኖርማ። "ከዛሬ ጀምሮ ግን ብረቶቼን አትንካ።"

ጃኒን እያለቀሰች ነበር። "አየሽ? ይሸጥ የምልሽ ለዚህ እኮ ነው። እኔ ሌላ ስልክ እንዲደወልልኝ አልፈልግም። አባዬን በስልክ ነው የሰማሁት።"

ኖርማ እጇን ያዘቻት። እንዲህ ስትናገር ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ያ ነው ያስገረመኝ።

"እኔም የማልሸጠው ለዚህ ነው ልጄ። ሲወዛወዝ ምን እንደማደርግ አሁን አውቄዋለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው መስሎኝ ነበር እንጂ አላውቀውም። ቤት ተቀምጬ ክፉ ስልክ ባይደወልልሽስ፣ እየኖርኩ ነው ማለት ነው?"

ጃኒን ተነስታ ወደ ባሕሩ ሄደች፤ ዳረን ሊከተላት ሲል ኖርማ በዓይኗ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ኖርማ ዳሱን ብቻዋን ነቀለች። ጃኒንና ዳረን ከተማ አድረው ተመልሰው፣ እጃቸውን አጣጥፈው አጥሩ ላይ ተደግፈው ያዩ ነበር፤ እኔ መሐላቸው ነበርኩ። ሸራው አልረጠበም፤ አንድ ዕድል ይገባት ነበር። ኖርማ የምንጣፏን ቁራጭ ካራቫኑ ውስጥ ከጎማዎቹ በላይ ዘረጋቻት። ብረቶቹን እያመላለሰች አስገባች፤ በተከፈተው በር በኩል ወገቧን ብቻ ነው የምናየው፣ ተንበርክካ እያንዳንዱን በአልጋው ስታስተኛው። ሲያልቅ ከሹራብ መሥሪያ ከረጢቷ የሱፍ ክር አውጥታ በየብረቱ ጫፍ ላይ ጠመጠመች፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ሳይሆን ያላትን ሁሉ፣ ሮዝም ነበረበት። ቀለሙን የመረጠችው ለራሷ ነው።

ካራቫኑን ከመኪናው ጋር ስታያይዝ ዳረን መንገዱን እሱ እንዲነዳላት አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቃት። ከኋላዬ ተከተል፣ ከፈለግህ ግን ራቅ ብለህ፣ አለችው። ኬነዝ ከሩቅ ቆሞ ፍሬቻዋ በሁለቱም በኩል መብራቱን በእጁ ምልክት አሳያት፤ ያንን ምልክት ማንም እርዳታ ነው አላለም።

እኛ ሜዳ ላይ ስልክ የሚይዘው የአጥሩ በር ጋ ብቻ ነው። ኖርማ መኪናዋን አስነስታ ሳሩን አቋርጣ ስትመጣ፣ ጃኒን በሩን ከፍታ ይዛ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነበር። ካራቫኑ በመካከላችን አለፈ። መንገዱ ላይ ወጣ፣ ዳገቱን ጀመረ፤ ጃኒን ዓይኗን ከጅራቱ ላይ አላነሳችም። ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላለም፤ ቀጥ ብሎ እናቷን ተከተላት።

"አይ፣ ነገ መምጣት አያስፈልግዎትም" አለች ጃኒን በስልኩ፤ ጉንጯን በእጅጌዋ ጠረገች። "ካራቫኑ አይሸጥም። ባለቤቱ ይዛው እየሄደች ነው።"